ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክፍያ ባለው የሥነ ልቦና ጥናት መሳተፍ፦ ከማስታወቂያው እስከ ክፍያው

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ ኮሌጅ እማራለሁ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ግድግዳ ላይ ግርጌው ተቆራርጦ በየቁራጩ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አየሁ። «ሁለት ቋንቋ የምትናገሩ፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ 60 ደቂቃ፣ 20 ዶላር» ይላል። አንዷን ቁራጭ ቀድጄ ደወልኩ። በቀጠሮዬ ቀን አንዲት ተማሪ አራት ገጽ ወረቀት ሰጥታኝ አጠገቤ ቆመች። እሷን ማስጠበቅ አሳፈረኝና ሳላነብ ፈረምኩ። ቀጥሎ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጭንቀቴ፣ ስለ ብቸኝነቴ የሚጠይቅ መጠይቅ መጣ። በዚያ ሰሞን በቀን አራት ሰዓት እንኳ በቅጡ አልተኛም ነበር። ያም ሆኖ ከላይ እስከ ታች «ምንም ችግር የለም» የሚለውን ሞልቼ፣ 20 ዶላሬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ያ ጥናት ከእኔ ያገኘው ውሸት ነው። ልዋሽ ብዬ አልሄድኩም፤ ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥናቶች ተሳትፌአለሁ፤ ዘመድ ጓደኞቼንም ወስጃለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር የእኛን ሰው የሚያስቸግረው እንግሊዝኛው ሳይሆን ይህ ይሉኝታ መሆኑን ነው። ሳናነብ ያስፈርመናል፣ ያልገባንን እንዳንጠይቅ ያደርገናል፣ ሰው ደስ እንዲለው ብለን እንድንመልስ ያደርገናል፣ መውጣት ስንፈልግ ወንበሩ ላይ ያስቀረናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ለአሜሪካ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአካሄድ መመሪያ ቢሆንም፣ በየደረጃው ይሉኝታ የሚይዘን ቦታ ላይ ቆም እላለሁ።

1. ምን ዓይነት ጥናት እንደሆነ ለዩ

«ጥናት» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው መርፌና ክኒን ነው። የመድኃኒት ሙከራ ሌላ ነገር ነው፤ አደጋውም ክፍያውም ይለያል። የሥነ ልቦና ጥናት በአብዛኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ነው፦ መጠይቅ መሙላት፣ ቃላት አጥንቶ ማስታወስ፣ የሰው ፊት አይቶ ስሜቱን መገመት፣ ስክሪን ላይ ምልክት ሲመጣ ቶሎ ቁልፍ መጫን። ጆን ሪድሊ ስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ሙከራ እስከ ዛሬ በየላብራቶሪው ይሠራበታል። «አረንጓዴ» የሚለው ቃል በቀይ ቀለም ተጽፎ ይመጣል፤ እናንተ ቃሉን ትታችሁ «ቀይ» ማለት አለባችሁ። ምላስ ይተሳሰራል፤ ማንበብ የለመደ አእምሮ ቃሉን ሳያነብ ማለፍ አይችልምና። መደናቀፉ ይበልጥ በምናውቀው ቋንቋ ሲሆን ይጠነክራል። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ለተመራማሪዎች የሚፈለገው በእንዲህ ዓይነቱ ምክንያት ነው።

ከዚህ ከፍ የሚሉት በመሣሪያ የሚሠሩት ናቸው። ዓይን የት የት እንደሚያይ የሚከታተል ካሜራ አለ። ኢ ኢ ጂ የሚባለው ራስ ላይ በሚጠለቅ ቆብ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ይለካል። ኤም አር አይ ደግሞ በትልቅ ማግኔት የአንጎልን ምስል ያነሳል፤ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፣ ነገር ግን ጠባብና ጯሂ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው በአብዛኛው በሰዓት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይከፍላል፤ ኢ ኢ ጂ ከዚያ ሻል ይላል፤ ኤም አር አይ ከሁሉም ይበልጣል።

የኢኮኖሚክስ ክፍሎችም የራሳቸው ላብራቶሪ አላቸው። እዚያ በመምጣታችሁ ብቻ የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ አለ፤ ከዚያ በላይ የምታገኙት በጨዋታው ውስጥ በምትወስኑት ውሳኔና ሌላው ተሳታፊ በሚወስነው ላይ ይመሠረታል። የኢኮኖሚክስ ላብራቶሪዎች ተሳታፊን ያለማታለል ልማድ ስላላቸው ስለ ገንዘቡ የሚነግሯችሁን አምናችሁ መወሰን ትችላላችሁ። የሥነ ልቦና ላብራቶሪ ግን አንዳንዴ ትክክለኛውን ዓላማ ደብቆ መጨረሻ ላይ ይገልጣል። ይህ በጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ተፈቅዶ የሚደረግ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የቤት ኪራይ ግን በዚህ አታስቡ። አንድ ወር ሦስት ጥናት ይገኛል፣ ቀጣዩን ሁለት ወር አንድም አይገኝም።

2. የት ይገኛል?

መጀመሪያ የአካባቢያችሁን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ክፍል ድረ ገጽ ክፈቱና ስለ ጥናት ተሳትፎ የሚናገረውን ገጽ ፈልጉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሶና ሲስተምስ የሚባለውን የምዝገባ ሥርዓት ይጠቀማሉ። ስም፣ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ሰጥታችሁ ትመዘገባላችሁ፤ የጥናቶቹ ዝርዝር፣ የሚወስዱት ጊዜና ክፍያቸው ይታያችኋል፤ ክፍት ሰዓት መርጣችሁ ቀጠሮ ትይዛላችሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ብዙ ቦታ ሁለት የተሳታፊ መዝገብ አለ። አንደኛው የመግቢያ ትምህርት ለሚወስዱ ተማሪዎች ነው፤ የሚያገኙት የትምህርት ነጥብ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ሁለተኛው ክፍያ ያለው ሲሆን ብዙ ጊዜ ከውጭ ለሚመጣም ሰው ክፍት ነው። የኔ ጓደኛ የመጀመሪያው ላይ ተመዝግቦ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው ገንዘብ እንደሌለው የሰማው።

በዲሲ አካባቢ ላለን ሰዎች ዕድሉ ሰፊ ነው። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ፣ ጆርጅታውን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ፣ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ፣ ቨርጂኒያ ላይ ጆርጅ ሜሰን አሉ። ቤተዝዳ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ባይሆንም የአእምሮ ጤና ጥናቶቹ ጤነኛ ሰዎችንም ለማነጻጸሪያ ይፈልጋሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ በዚያው በቀዩ የባቡር መስመር ዞራችሁ ሜዲካል ሴንተር ጣቢያ ትወርዳላችሁ፤ ተቋሙ ከጣቢያው ደጃፍ ነው። ሌላው ከተማ ያላችሁ ሪሰርችማች የሚባለው ነጻ የበጎ ፈቃደኞች መዝገብ ላይ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ክሊኒካልትራያልስ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽም የጥናቱን ዓይነትና ከተማችሁን ጽፋችሁ ትፈልጋላችሁ።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ የሕፃናት እድገት ላብራቶሪዎችን ፈልጉ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ ቃላትን እንዴት እንደሚለይ ማወቅ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሉ። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ድምፅ ይሰማል ወይም ሥዕል ያያል፤ ትንሽ ክፍያ ወይም አሻንጉሊት ይሰጣል። ፈቃዱን የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ፤ ከፍ ያለ ልጅ ግን እሱም ይጠየቃል፣ አልፈልግም ካለ ይቆማል። «አይዞህ ጨርስ» ብላችሁ አትገፋፉት።

3. እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

ለእውነተኛ ጥናት ተሳታፊ ገንዘብ አይከፍልም፤ የምዝገባም፣ የማጣሪያም፣ የካርድ ማስከፈቻም የለም። ከሁሉ የከፋው የቼክ ማጭበርበር ነው፦ ከተባለው በላይ የሆነ ቼክ ይልኩና «ትርፉን መልስ» ይላሉ፤ እናንተ ከኪሳችሁ ከላካችሁ በኋላ ቼኩ ውሸት ሆኖ ይመለሳል፣ ባንኩም ከእናንተ ይቆርጣል።

ማስታወቂያው ላይ የተመራማሪው ስም፣ የዩኒቨርሲቲው ስምና የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ሊኖር ይገባል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል በአብዛኛው «ዶት ኢዲዩ» ብሎ ያበቃል። ስሙን ከማስታወቂያው ሳይሆን ራሳችሁ በከፈታችሁት የዩኒቨርሲቲ ገጽ ፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ የጥናቱ መለያ ቁጥርም ይጻፋል፤ ይህ ቁጥር ጥናቱን አይ አር ቢ የሚባለው የጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ እንዳየው ያሳያል። ከተጠራጠራችሁ የቦርዱን ቢሮ ስልክ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አውጥታችሁ ደውሉ፤ የቢሮው ሥራ ነው፣ እንዳስቸገራችሁ አትቁጠሩት።

4. ማጣሪያው ላይ እውነቱን ተናገሩ

ከቀጠሮ በፊት በስልክ ወይም በኢንተርኔት የማጣሪያ ጥያቄዎች ይመጣሉ፦ ዕድሜ፣ ግራኝ ወይም ቀኝ፣ የዓይን መነጽር፣ ቀለም የመለየት ችግር፣ የራስ ጉዳት፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የምትናገሯቸው ቋንቋዎች። ክፍያው አጓጉቷችሁ ለመግባት የሚያስችለውን መልስ አትገምቱ። ገምታችሁ ብትገቡ ውጤታችሁ ሌሎች ሰዎች የሰጡትን ያበላሻል፤ በመድኃኒትና በኤም አር አይ ላይ ሲሆን ደግሞ ራሳችሁን ትጎዳላችሁ።

የእኛ ሰው የሚወናበድባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። «እንግሊዝኛ ከስንት ዓመትህ ጀምሮ?» ሲሉ ፊደሉን ኬጂ ውስጥ ማየትና በቋንቋው መኖር የተለያዩ ናቸው። «በትምህርት ቤት ከ6 ዓመቴ፣ በየቀኑ መናገር የጀመርኩት ግን በ24 ዓመቴ» ብላችሁ ለይታችሁ ንገሯቸው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ይነገር ከነበረም ተናገሩ፤ ሦስተኛ ቋንቋ መኖሩ ውጤቱን ይለውጣል።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲዛወር የተሳሳተ፣ ወይም በግምት የተሞላ ልደት የያዝን ብዙ ነን። መታወቂያችሁ ላይ ያለውን ስጡ፤ እውነተኛው ዕድሜያችሁ በዓመታት የሚራራቅ ከሆነ ግን፣ በተለይ የማስታወስ ችሎታን ከዕድሜ ጋር በሚያነጻጽር ጥናት፣ ለተመራማሪው ንገሩት። ሲጽፉ ደግሞ እዚህ አገር ወር ከቀን ይቀድማል።

5. ቪዛና ግብር፦ ከመሄዳችሁ በፊት

በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ያላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ለትምህርት ቤታችሁ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። በቃል የተነገረ ነገር ነገ ማስረጃ አይሆንም። ለግብር ሲባል እንደ ነዋሪ የማይቆጠር ሰው ከክፍያው እስከ 30 በመቶ ሊቆረጥበት ስለሚችልም በእጅ የሚደርሰውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለሁላችንም ደግሞ ይህ ገንዘብ በሕጉ ገቢ ነው። አንድ ተቋም በአንድ ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ከተወሰነ መጠን በላይ ሲከፍል 1099 የሚባለውን ቅጽ ይልካል፤ መጠኑ እስከ 2025 ድረስ 600 ዶላር የነበረ ሲሆን ከ2026 ጀምሮ ለሚደረግ ክፍያ 2,000 ዶላር ሆኗል። ቅጹ አልመጣም ማለት ገቢው ከግብር ነጻ ነው ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው። ለምን እንደሚፈልጉት፣ ከመልሶቻችሁ ተለይቶ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። በስልክ ማጣሪያ ላይ ግን ማንም ይህን ቁጥር ሊጠይቃችሁ አይገባም። የምግብ ድጎማ ወይም የጤና ድጎማ የምታገኙ፣ ገቢው ሊቆጠር ስለሚችል ጉዳያችሁን የሚከታተለውን ሠራተኛ አማክሩ።

6. ከቀጠሮው በፊት ያለው ማታ

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። በአማርኛ «3 ሰዓት» ብሎ ለባለቤቱ የነገረና ከሰዓት በኋላ በ3 የደረሰ ሰው አውቃለሁ። መምጣት ካልቻላችሁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ሰርዙ፤ ሳይናገሩ የሚቀሩትን ብዙ ላብራቶሪዎች ከመዝገብ ያግዳሉ። የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ መፈለግ ጊዜ ይበላልና 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ የፓርኪንግ ይከፍሉላችሁ እንደሆነም ጠይቁ።

ኢ ኢ ጂ ከሆነ ፀጉር ዋናው ነገር ነው። ኤሌክትሮዶቹ የራስ ቆዳ መንካት ስላለባቸው ጄል ይጨመራል። ፀጉራችሁን ታጠቡ፤ ቅቤ፣ ዘይትና ቅባት አታድርጉ። ሹሩባ የተሠራችሁ ወይም ፀጉራችሁ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ቆቡና አሠራሩ እንደኛ ላለ ፀጉር ታስቦ ስላልተሠራ ጥቁር ተሳታፊዎች ከእነዚህ ጥናቶች ሲቀሩ ኖረዋል፤ አሁን በሹሩባ መስመሮች መካከል መሥራት የተማሩ ላብራቶሪዎች አሉ። አንዲት እህቴ ሹሩባዋን ፈትታ፣ ሁለት ሰዓት ነድታ ሄዳ፣ «ፀጉርሽ አይሆነንም» ተብላ ተመልሳለች። አስቀድማ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ እነሱም አስቀድመው ማሰብ በተገደዱ ነበር። ስትጨርሱ ጄሉን የምትታጠቡበት ቦታ መኖሩንም ጠይቁ።

ኤም አር አይ ከሆነ ብረት ክልክል ነው። የአንገት ማተባችሁ ክር ብቻ ከሆነ ለሠራተኛው አሳዩ፤ የብረት ወይም የብር መስቀል ካለበት መውለቅ አለበት። ክታብ የያዘ ሰው ውስጡ ብረት ይኑር አይኑር ስለማያውቅ ያውልቀው። ይህን ለመናገር ማፈር አይገባም፤ ማግኔቱ ሁልጊዜ በርቶ ስለሚቆይ አደጋው እውነተኛ ነው። በሰውነታችሁ ውስጥ የጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ፣ የቀዶ ሕክምና ብረት፣ የልብ መሣሪያ ካለ፣ ወይም ብረት በሚበየድበት ሥራ ላይ ሠርታችሁ ዓይናችሁ ውስጥ ብናኝ ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ ግድ ተናገሩ። ጦርነት ካለበት አገር የመጣን ሰዎች ይህን ጥያቄ ቀለል አድርገን ማለፍ የለብንም። ነፍሰ ጡር ነኝ ብላ የምትጠረጥርም ትናገር። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ቢቀር ይሻለዋል፤ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ እጃችሁ ላይ የሚሰጣችሁን መጥሪያ ስትጫኑ ያወጧችኋል።

ጾም ላይ ከሆናችሁና እስከ 9 ሰዓት ድረስ የማትበሉ ከሆነ ቀጠሮውን ከዚያ በኋላ አድርጉ፣ ካልሆነም ለተመራማሪው ንገሩ። የተራበና ቡናውን ያልጠጣ ሰው ቁልፍ የሚጫንበት ፍጥነት ይለወጣል።

7. የስምምነት ቅጹ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ወረቀት በሰው መከራ የመጣ ነው። በአላባማ ግዛት ቱስኪጊ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ምን እንደያዛቸው ሳይነግራቸው፣ ፈዋሹ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳያክማቸው ተከታትሏል። ለተሳትፏቸው ምግብና የቀብር ወጪ ይሰጣቸው ነበር። ጉዳዩ ሲጋለጥ በ1974 ሰውን የሚመለከት ጥናትን የሚገዛው ሕግ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ ቤልሞንት ሪፖርት የሚባለው ሰነድ መርሆቹን ዘረዘረ። ዛሬ ፊታችሁ የሚቀመጠው ቅጽ የዚያ ልጅ ነው።

በ2018 ከተሻሻለው ደንብ ወዲህ ዋና ዋናው ነገር ቅጹ መጀመሪያ ላይ ባጭሩ መቀመጥ አለበት። አንብቡና እነዚህን ፈልጉ፦ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? በቪዲዮ ወይም በድምፅ ይቀረጻል? መልሶቼ ከስሜ ጋር ይያያዛሉ ወይስ በቁጥር? ለሌላ ጥናት ወይም ለሌላ ተመራማሪ ይተላለፋሉ? መሃል ላይ ብወጣ ስንት ይከፈለኛል? ችግር ሲኖር ለማን እደውላለሁ?

ደንቡ ማብራሪያው ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ «ይህ አንቀጽ አልገባኝም፣ በቀላል ቃል ንገሩኝ» ማለት መብት ነው። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ በአማርኛ የተተረጎመ ቅጽ ወይም አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እናንተው ራሳችሁ የምታስተረጉሙ ከሆነ አታሳጥሩ። «ምንም አይደል እማዬ፣ ፈርሚ» ብሎ ማለፍ ፈቃድ አይደለም።

ስለ ኢሚግሬሽን የሚሰጋ ሰው ብዙ ነው። ከብሔራዊ የጤና ተቋም ገንዘብ የሚያገኙ፣ የተሳታፊን ማንነት የሚለይ መረጃ የሚሰበስቡ ጥናቶች የምስጢር ጥበቃ ሰርተፊኬት የሚባል ነገር አላቸው፤ ከ2017 ጀምሮ በቀጥታ ይሰጣቸዋል። ይህ ተመራማሪው መረጃችሁን በፍርድ ቤት መጥሪያ እንኳ አሳልፎ እንዳይሰጥ ይከላከላል፤ በሕፃን ላይ የደረሰ ጉዳትን እንደ ማሳወቅ ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉት። ሰርተፊኬቱ ካለ ቅጹ ላይ ይጻፋል። ስለ ሕጋዊ ሁኔታችሁ የሚጠይቅ ጥያቄ ካለና መመለስ ካልፈለጋችሁ ዝለሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ሚልግራም 4 ዶላር፣ ለመጓጓዣ ደግሞ 50 ሳንቲም እከፍላለሁ ብሎ በጋዜጣ ሰዎችን ጠራ። ገንዘቡ ላብራቶሪ በመምጣታችሁ ብቻ የእናንተ ነው፣ ከዚህ በኋላ የፈለገው ቢሆን አይወሰድም ተባሉ። ከዚያ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለን ሰው በኤሌክትሪክ እንዲቀጡ ታዘዙ፤ ኤሌክትሪኩ የውሸት እንደሆነ አያውቁም ነበር። ከታወቀው የመጀመሪያ ሙከራ 40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ሄዱ። ገንዘቡ ኪሳቸው ነበር፣ በሩም አልተቆለፈም። ሙከራውን የሚመራውን ግራጫ ጋውን የለበሰ ሰው «ይብቃኝ» ማለት ከበዳቸው። ይሉኝታ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ይህን ሳነብ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ቦርድ አያሳልፈውም። መውጣት ግን ዛሬም ከአፋችሁ መውጣት ያለበት ቃል ነው፦ «ማቆም እፈልጋለሁ» በሉ፤ ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም።

8. ክፍሉ ውስጥ

ተመራማሪው ምን እንደሚፈልግ አትገምቱ። ማርቲን ኦርን የተባለ ተመራማሪ በ1962 እንደጻፈው ተሳታፊዎች ጥናቱ የሚጠብቀውን አሽትተው ጥሩ ተሳታፊ ለመሆን ይጥራሉ፣ በዚህም ውጤቱን ያጣምማሉ። እኛ ዘንድ ይህ የሚብሰው ስለ ጤንነት ስንጠየቅ ነው። ፒ ኤች ኪው ናይን የሚባለው በየቦታው የምታገኙት መጠይቅ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድባቴ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም ስንት ቀን እንደነበረባችሁ በ9 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ መልሱ ከ0 እስከ 3 ነው። እኛ «እንዴት ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው መልሳችን፤ ሰላምታም ምስጋናም ነው፣ ያማረ ልማድ ነው። ወረቀቱ ግን ሰላም እያላችሁ አይደለም፣ ቀን እየቆጠረ ነው። ያለፉትን 14 ቀናት አስቡና ቁጥሩን ስጡ። የእኛ ሰው ሁሉ ዜሮ ሲሞላ ከቆየ ነገ የሚወጣው ጽሑፍ ስደተኛው ደህና ነው ይላል፤ እርዳታም ወደዚያ አይመጣም።

መጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ማሰብ ነው። እውነቱን ብትሞሉ ተመራማሪው ቆም ብሎ ሊያነጋግራችሁ፣ የእርዳታ ስልክ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ይህ ቅጣት አይደለም። እንደዚህ ያለ ሐሳብ ካላችሁ 988 መደወል ይቻላል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

የቀረው ትዕግሥት ነው። አንድ ዓይነት ምስል 400 ጊዜ ሲመጣ ይሰለቻል፤ ዝም ብላችሁ አትጫኑ፣ እረፍት ጠይቁ። በመጠይቅ መሃል «እዚህ ጋ 2ን ምረጥ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ ሳያነብ የሚሞላን ለመለየት ነው። በኢንተርኔት በሚሠራ ጥናት ይህን የሳተ ሰው ክፍያው ሊከለከል ይችላል።

9. ሲያልቅ

ብዙ ጊዜ ማብራሪያ ይሰጣል። ዓላማው ተደብቆ ከነበረ አሁን ይነገራችኋል። ቅር ካላችሁ መረጃዬ ይውጣልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ቅር ካላላችሁ ደግሞ ጠይቁ፦ ውጤቱ መቼ ይወጣል? ኮፒ ትልኩልኛላችሁ? ከላብራቶሪ እስከ ኅትመት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ኢሜይላችሁን ተውላቸው። ደስ የሚላቸው ይበዛሉ፤ በ2010 ጆ ሄንሪክና ባልደረቦቹ የሥነ ልቦና ጥናት በአብዛኛው በምዕራባውያን፣ በተማሩና በበለጸጉ ሰዎች ላይ ተሠርቶ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ እንደሚናገር ካሳዩ ወዲህ፣ እንደኛ ያለ ተሳታፊ በጣም ይፈለጋል። አንድ ጊዜ አንዲት ተመራማሪ «ሆዴ ባባ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አስረዳኝ ብላ ከጥናቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት አቆይታኛለች፤ ያ ግማሽ ሰዓት ከጥናቱ የበለጠ ትዝ ይለኛል።

10. ክፍያው

ጥሬ ገንዘብ፣ የስጦታ ካርድ፣ ቼክ ወይም ክሊንካርድ የሚባል ተሞልቶ የሚሰጥ የክፍያ ካርድ ሊሆን ይችላል። ካርድ ከሆነ ሳይጠቀሙበት ወራት ሲያልፉ የሚቆርጠው ክፍያ ካለ ጠይቁና ቶሎ ተጠቀሙበት። ደረሰኝ ላይ ስትፈርሙ የተጻፈው መጠንና የተቀበላችሁት አንድ መሆኑን እዩ። ጥናቱ ብዙ ቀናት የሚወስድ ከሆነ በየቀኑ ወይም በየደረጃው መክፈል የተለመደ ነው፤ ካልጨረሳችሁ ምንም አንከፍልም የሚል ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

ቼኩ ከተባለው ሳምንት ካለፈ መጀመሪያ ለቀጠራችሁ ረዳት ኢሜይል ጻፉ፦ የጥናቱን ስምና መለያ ቁጥር፣ የተሳተፋችሁበትን ቀንና የተባለውን መጠን ጥቀሱ። ካልመለሰ ለዋናው ተመራማሪ፣ እሱም ዝም ካለ ለቦርዱ ቢሮ። የእኔ አንዱ ክፍያ ሦስት ወር ዘግይቶ ነበር፤ ለ25 ዶላር ብዬ ሰው ማስቸገር ይከብደኝ ነበርና ዝም አልኩ። በመጨረሻ ለቦርዱ ቢሮ ስጽፍ በአራተኛው ቀን መጣ፤ የዘገየው የእኔ ብቻ እንዳልነበርም ያኔ ሰማሁ። ስልኩ ያለው የፈረማችሁበት ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ኮፒው ይሰጠኝ ብላችሁ ተቀበሉና ጥናቱን፣ ቀኑንና የተከፈላችሁን ከላዩ ጽፋችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አኑሩት፤ የሚቀጥለው ላብራቶሪ «ከዚህ በፊት በየትኛው ጥናት ተሳትፈሃል?» ብሎ ሲጠይቅም ከዚያው ታነባላችሁ።